የጣና ደንገል በኦስሎ፦ ጥንታዊ መርከብ ዳግም ስለ መሥራት



ዛሬ ስለ መርከብ ልናገር ነው የመጣሁት። ከዚህ ከኦስሎ መሐል ከተማ ወደ ባሕሩ ብትወርዱ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን የጀልባ መሣፈሪያ ታገኛላችሁ። ከዚያ የምትነሣው ጀልባ በበጋ ወራት ሰዉን ወደ ቢግዶይ ባሕረ ገብ መሬት ታሻግራለች። በቢግዶይ የመርከብ ሙዚየሞች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከመካከላቸው ኮን ቲኪ በሚባለው ውስጥ «ራ ሁለት» የተባለች ጀልባ ተቀምጣለች። ይህች ጀልባ የተሠራችው ከደንገል ነው፤ ደንገሉም ከጣና ሐይቅ የታጨደ ነው። ከብዙዎቻችን ቀድሞ ኦስሎ የገባ የሀገራችን ደንገል ማለት ነው።

ይህን ስል የኖርዌይን ነገር ትቼ የራሳችንን ላወድስ አይደለም። ኖርዌጂያኖች የቫይኪንግ መርከቦቻቸውን ከመቃብር አውጥተው፣ አምሳያቸውን ሠርተው፣ ባሕር ላይ ፈትነው ያገኙትን ትምህርት መጀመሪያ ልተርክ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ያ ትምህርት ጣና ዳር ላሉት ታንኳ ሠሪዎቻችን አስቸኳይ ነገር ይነግረናል። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1880 ከኦስሎ በስተደቡብ በሳንደፍዮርድ አጠገብ፣ ጎክስታድ በሚባል እርሻ ላይ፣ የገበሬው ልጆች አንድ ትልቅ ጉብታ መቆፈር ጀመሩ። ጉብታው የንጉሥ መቃብር ነው እየተባለ ሲነገር የኖረ ነበር። ወሬው ሲሰማ የቅርስ ሊቁ ኒኮላይ ኒኮላይሰን ደርሶ ቁፋሮውን ተረከበ። ከሰማያዊው ሸክላ አፈር ውስጥ ወደ 23 ሜትር የሚረዝም፣ ለ32 መቅዘፊያ የተበጀ፣ በጎንና በጎኑ ቢጫና ጥቁር የተቀቡ 64 ጋሻዎች የተደረደሩበት የኦክ መርከብ ወጣ። አንድ ሹም በ900 ገደማ የተቀበረበት ነው። ሸክላው አየር ስላላስገባ እንጨቱ ሺህ ዓመት ሊጠጋ ሳይበሰብስ ቆይቷል።

ከ13 ዓመት በኋላ ማግኑስ አንደርሰን የተባለ መርከበኛ አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። አሜሪካኖች ኮሎምበስ የደረሰበትን 400ኛ ዓመት በቺካጎ ታላቅ ኤግዚቢሽን ሊያከብሩ ነው። የሰሜን ሰዎች ግን ሌይፍ ኤሪክሰን ከኮሎምበስ በፊት 500 ዓመት ያህል ቀድሞ እዚያ ረግጧል ብለው ሳጋ በሚባሉት ጥንታዊ ትረካዎቻቸው ሲተርኩ ኖረዋል። ሰሚው ዓለም ጥርጣሬው ብዙ ነበር፤ እንዲያ ያለ ክፍት ጀልባ አትላንቲክን እንዴት ይሻገራል? አንደርሰን ከሕዝብ ገንዘብ ተሰብስቦለት የጎክስታድን መርከብ አምሳያ በሳንደፍዮርድ አሠራ። ስሟንም «ቫይኪንግ» አላት። ኖርዌይ በዚያን ጊዜ ከስዊድን ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ነበረች፤ ነጻ መንግሥት የሆነችው በ1905 ነው። ስለዚህ ያች መርከብ ከኋላዋ የአንድ ሕዝብ ልብ ይዛ ነበር የሄደችው።

ኤፕሪል 30 ቀን 1893 ከቤርገን ተነሥታ በአራት ሳምንት ገደማ ሰሜን አሜሪካ፣ ኒውፋውንድላንድ ደረሰች። ከዚያም ወደ ኒውዮርክ፣ ከኒውዮርክም በውስጥ ውኃዎች ወደ ቺካጎ።

ከመድረሷ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ አንደርሰን በመንገድ ላይ ያስተዋለው ነው። መርከቧ በማዕበሉ ላይ ትተጣጠፍ ነበር። የላይኛው ጠርዝዋ እስከ 15 ሴንቲሜትር ድረስ ከመስመሩ ይወጣ ነበር፤ ሆኖም ውኃ አታስገባም። በዘመኑ የነበረ መሐንዲስ የሚተጣጠፍ መርከብን እንደ ጉድለት ያይ ነበር። የጥንቶቹ ግን ሆን ብለው ነው እንዲህ የሠሩት፤ የታችኞቹን ሳንቃዎች ከአጥንቶቹ ጋር በምስማር ከማጣበቅ ይልቅ በዛፍ ሥር አሰሯቸው። መርከቡ ከባሕሩ ጋር አይታገልም፤ አብሮት ይንቀሳቀሳል። በቀኝ ጎን የተንጠለጠለውን መሪም አንድ ሰው በቀጭን ገመድ ብቻ ይዞ በማንኛውም አየር ሊመራው እንደሚችል አንደርሰን በአድናቆት ጽፏል። ይህን ማንም ሙዚየም ውስጥ ቆሞ አይቶ ሊያውቀው አይችልም ነበር።

የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ያማል።

በ1904 በቶንስበርግ አጠገብ ኦሴበርግ በሚባል እርሻ ሌላ መርከብ ተቆፍሮ ወጣ። በ820 ገደማ ተሠርቶ በ834 ሁለት ሴቶች የተቀበሩበት ነው፤ እንጨቱ ላይ በተነበበው የዛፍ ቀለበት ዘመኑ ታውቋል። የተቀረጸ አፍንጫው እንደ እባብ ይጠቀለላል፤ ከሰው እጅ ከወጡ የእንጨት ሥራዎች ሁሉ ውብ ከሚባሉት አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የጉብታው ድንጋይና አፈር ስለ ተጫነው በሺህ የሚቆጠር ስብርባሪ ሆኖ ነበር። ሊቃውንቱ ስብርባሪውን ለዓመታት ገጣጠሙት፤ ዛሬ የምናየው መርከብ ከ90 በመቶ በላይ የራሱ እንጨት ነው።

በ1987 የዚህ መርከብ አምሳያ ተሠራች፤ ስሟ «ድሮኒንገን»፣ ንግሥቲቱ። ልኳ ከሙዚየሙ መርከብ ላይ በጥንቃቄ የተወሰደ ነው። በ1988 ሸራ ዘርግታ ፍጥነት ስትይዝ የፊት ጫፏ ውኃ ቀዳና በቅጽበት ሰጠመች። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ኦሴበርግ ለጌጥ የተሠራች፣ ለባሕር የማትሆን መርከብ ናት ሲል ፈረደ። ለጥንቱ ሠሪ ጥብቅና የቆመ ጥቂት ነበር።

ይሁን እንጂ ጉዳዩን ያልተዉ ሰዎች ነበሩ። የቶንስበርግ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ዴንማርክ ሮስኪልደ ካለው የቫይኪንግ መርከብ ሙዚየም ቪበኬ ቢሾፍ የተባሉት መርከብ አዋቂ እያንዳንዱን ሳንቃ በሌዘር ከተለካው ልክ እየነሡ በትንሽ ሞዴል እንደገና ገጣጠሙት። ያኔ ታወቀ፤ ስሕተቱ የጥንቱ ሠሪ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በፊት ስብርባሪው ሲገጣጠም የፊቱ ክፍል ትክክለኛ ቅርፁን አላገኘም ነበር። በአዲሱ ልክ «ሳጋ ኦሴበርግ» ተሠርታ በጁን 2012 ቶንስበርግ ላይ ወደ ባሕር ወረደች። ሸራዋን ዘርግታ ያለ ችግር ትሄዳለች፤ ዛሬም ከዚያው ወደብ ትነሣለች።

እስቲ አስቡት። የ9ኛው ክፍለ ዘመን አናጢ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ ባለማወቅ የተወቀሰው በሌላ ሰው እጅ ነው። ስሙን ያነጻለት ጽሑፍ አይደለም፤ እንደ እርሱ በመጥረቢያ የሚጠርብ ሰው ነው።

ስለዚህ እጅ ጥቂት ልበል። እነዚህ መርከቦች በመጋዝ አልተሠሩም። ግንዱ በሽብልቅ ከመሐል ወደ ዳር ይሰነጠቃል፤ እንጨቱ በራሱ ጭረት ስለሚከፈል ሳንቃው ቀጭን ሆኖም ጠንካራ ነው። ሳንቃዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው በብረት ምስማር ይያያዛሉ፤ በመካከላቸው ቅጥራን የጠጣ የሱፍ ክር ይገባል። ሸራውም ሱፍ ነበር። እናቶቻችን ጥጥ በእንዝርት እንደሚፈትሉት እነርሱም የበግ ጠጉር በእንዝርት ፈትለው፣ ሸምነው፣ ቅባት አጠጥተው ነው ሸራ ያደረጉት። የሮስኪልደ ሙከራዎች እንዳሳዩት ሸራውን ማዘጋጀት ራሱን መርከቡን ከመሥራት የሚበልጥ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። የቫይኪንግ ዘመን ሲነሣ ስለ ሰይፍና ስለ ወረራ ብዙ ይወራል፤ ያን ሁሉ ባሕር ያሻገረው ግን በአብዛኛው የፈታይ ሴቶች ሥራ ነበር። ይህ በቂ ክብር አላገኘም።

ሮስኪልደ በዚህ ሙያ ቀዳሚ ነው። በ1962 ከባሕሩ ስር ስኩልደሌቭ የተባሉትን አምስት መርከቦች አወጡ፤ ከነዚህ አንዱ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ የጦር መርከብ በ1042 ገደማ ደብሊን ውስጥ የተሠራ መሆኑ ከእንጨቱ ታወቀ። አምሳያው፣ «የግሌንዳሎክ የባሕር ድንጉላ» የሚባለው፣ በ60 ቀዛፊ በ2007 ከሮስኪልደ ወደ ደብሊን ሄዶ በ2008 ተመለሰ። ኖርዌይም በሃውገሱን 35 ሜትር የሚሆን «ድራከን ሃራልድ ሆርፋግሬ» ሠርታ በ2016 አትላንቲክን አሻግራለች። እርሷ የአንድ የተገኘ መርከብ አምሳያ ሳትሆን ከትውፊትና ከሳጋ የተወለደች ናት።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሁሉ አምሳያዎች የተቻሉት ከመቃብር የወጣ እንጨት ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። በምዕራብ ኖርዌይ ዳርቻ፣ ከቤርገን አጠገብ እንደሚሠራው ኦሴልቫር ያሉ፣ ሳንቃ በሳንቃ የሚደረብባቸው ትናንሽ ጀልባዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲሠሩ ቆይተዋል። በሰሜንም ባለ አራት ማዕዘን ሸራ ይዞ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ነበር። ሊቃውንቱ «ይህ ቀዳዳ ለምንድን ነው?» ብለው ሲቸገሩ የሚጠይቁት ሕያው ሰው ነበራቸው። በ2021 ዩኔስኮ ይህንን የጀልባ ሥራ ትውፊት የአምስቱ የሰሜን ሀገራት የጋራ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። መዝገቡ ውስጥ የገባው መርከቡ ሳይሆን የመሥራት ዕውቀቱ ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ።

ቶር ሄየርዳልን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1914 ላርቪክ የተወለደ፣ በ1947 «ኮን ቲኪ» በተባለች የበልሳ ግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን ፖሊኔዥያ የደረሰ ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሌላ ጥያቄ ያዘው፤ የጥንት ግብፃውያን በመቃብራቸው ላይ የሳሏት የደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ትሻገራለች ወይ? ብዙ አዋቂዎች ደንገል በሳምንታት ውስጥ ውኃ ጠጥቶ ይሰጥማል አሉት። ሊፈትነው ቢፈልግም ግብፅ ውስጥ ደንገል ከዱር ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ አባይ ወደሚነሣበት ወደ ጣና መጣ። በ1969 መጀመሪያ 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና ዳር ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ተላከ። ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች ጀልባ አድርገው አሰሩት። ስሟ «ራ» ሆነ፣ የግብፃውያን የፀሐይ አምላክ ስም።

ሰባት ሰዎች ከሰባት ሀገር ተሳፈሩባት፤ ከመካከላቸው የቻዱ አብዱላሂ ጅብሪን ይገኝበታል። ሜይ 25 ቀን 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሡ። በመጀመሪያው ቀን የመሪ መቅዘፊያዎቹ ተሰበሩ። ቢሆንም ደንገሉ ተንሳፈፈ፤ ሳምንት በሳምንት ላይ ተንሳፈፈ። የተጎዳችው ከወደ ኋላዋ ነው። በግብፃውያኑ ሥዕሎች ላይ የጀልባዋ የኋላ ጅራት ወደ ላይ ተጠቅልሎ ጫፉ በገመድ ከመርከቡ ወለል ጋር ታስሮ ይታያል። የቻድ ጀልባዎች ጅራት የላቸውም፤ ኋላቸው ተቆርጦ የቀረ ነው። ስለዚህ ያ ገመድ ለቅርፅ ብቻ የተሳለ መሰላቸው፤ ጅራቱ ቢሠራም ገመዱ ተተወ። ውቅያኖስ ላይ ጅራቱ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ውኃ ጠጣ፣ ኋላዋም ሰመጠ። ሰዎቹ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ ባርቤዶስ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በጁላይ ትተዋት ወጡ።

የኦሴበርግን ታሪክ እዚህ ላይ አስታውሱ። የጥንቱ ሠሪ ያን ገመድ በምክንያት ነው ያሰረው። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ገመዱ ቀረ፤ ገመዱ ሲቀር ጀልባዋ ቀረች። አምሳያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር መያዝ አለበት፤ ያልገባህን ነገር አትጣለው።

ሄየርዳል ተስፋ አልቆረጠም። ዳግመኛ የኢትዮጵያ ደንገል አስመጣ። በዚህ ጊዜ ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ፣ አራት የአይማራ ጀልባ ሠሪዎች ወደ ሞሮኮ መጡ፤ ደሜትሪዮ፣ ሆሴና ሁዋን ሊማቺ፣ እንዲሁም ፓውሊኖ ኤስተባን። የቲቲካካ ጀልባ ሁለቱም ጫፉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ስለዚህ ሥራው እንግዳ አልሆነባቸውም። 12 ሜትር የምትሆነው «ራ ሁለት» ሜይ 17 ቀን 1970 ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ወደ 6,100 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ጁላይ 12 ባርቤዶስ ገባች። ስምንቱም ተሳፋሪዎች በሕይወት፣ ጀልባዋም በአንድ አካል። በመንገድ ላይ ውቅያኖሱ በነዳጅ ቅጥራን ተበክሎ አገኙት፤ ይህንንም ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታወቁ። ያች ጀልባ ናት አሁን ቢግዶይ ያለችው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉዞው ደንገል አትላንቲክን ሊሻገር እንደሚችል አሳይቷል፤ ግብፃውያን ተሻግረዋል ማለት ግን አይደለም። ሄየርዳል ከፍ አድርጎ የገመታቸውን ብዙ ነገሮች ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የቫይኪንጎቹ ጉዳይ ይለያል፤ በ1960 ሄልገና አኔ ስቲነ ኢንግስታድ ኒውፋውንድላንድ ላይ ላንሶ ሜዶውስ የሚባለውን የሰፈራ ቦታ አገኙ፤ በ2021 የታተመ ጥናትም እዚያ የተገኘ እንጨት በ1021 እንደ ተቆረጠ አረጋግጧል። የአንደርሰን ጉዞ ይቻላል አለ፤ አፈሩ ደግሞ ሆኗል አለ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እኛም በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ካሌብ ሠራዊት ይዞ ቀይ ባሕርን እንደ ተሻገረ እናውቃለን፤ የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስም የዚያ ባሕር መርከቦች በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ ናቸው ብሏል። ሆኖም ልንለካው የምንችለው የካሌብ መርከብ በእጃችን የለም።

ታንኳ ግን አለን፤ ሠሪዎቹም አሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝም ይኸው ነው።

የጣናን ታንኳ ጥበብ በዋነኝነት ይዘው የኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩ፣ ከሐይቁ ጋር የተቆራኙ ሕዝብ። የራሳቸው የነበረው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ጎረቤቶቻቸው ለረጅም ዘመን ዝቅ አድርገው አይተዋቸዋል፤ ይህን ስናገር የራሳችንን ነውር እየተናገርኩ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ቋንቋቸው ሲሄድ እኛ አላየነውም። ደንገሉን መርጦ ማጨድ፣ ማጠውለግ፣ ነዶውን ማጥበቅ፣ አፍንጫውን ማንሣት፣ ተቀማጩ ከውኃ በላይ እንዲሆን ውስጡን መደልደል፣ ይህ ዕውቀት ግን በእጃቸው ቀርቷል። ታንኳ ብዙ አትቆይም፤ ውኃ ትጠጣለች፣ ዳር ላይ እየደረቀች ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ታገለግልና ሌላ ይተካታል። ስለዚህ ታንኳ ከመቃብር ጉብታ ውስጥ አትገኝም። ሠሪዋ ከቆመ ስብርባሪ እንኳ አይተርፍልንም።

ደንገሉም እየሳሳ ነው። የሐይቁ ዳር ለእርሻ እየታረሰ፣ ረግረጉ እየደረቀ ሄደ፤ ከ2011 ጀምሮም እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ተዛመተ። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ቢመዘገብም የደንገሉ ጉዳት አልቆመም። የእንጨትና የሞተር ጀልባ ሲበዛ ወጣቱ ታንኳ ማሰር ምን ይጠቅመኛል ቢል አልፈርድበትም፤ እንጀራ ነው።

ኖርዌይ ያላትን እዩ። የኦሴበርግና የጎክስታድ መርከቦች የሚገኙበት ሙዚየም ከ2022 ጀምሮ ተዘግቶ በከፍተኛ ወጪ እየተስፋፋ ነው፤ አዲሱ በ2027 እንዲከፈት ታቅዷል። ለሞተ መርከብ ይህን ያህል የሚደከምበት ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ ሕያው የሆነውን የኛን ዝም ብለን ልናይ አይገባም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ በእናንተ አቅም ውስጥ ያለ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የባሕር ዳር፣ የዘጌ፣ የደምቢያ፣ የጎርጎራ ልጆች አላችሁ። ለእረፍት ስትሄዱ ስልካችሁን ይዛችሁ አንድ ታንኳ ሠሪ ዘንድ ቁጭ በሉ። ሰውየውን በስሙ ጥሩት፣ ፈቃዱን ጠይቁት፣ የድካሙን ክፈሉት። ከማጨዱ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እስር ድረስ ሳትቆርጡ ቅረጹ። ስንት ነዶ እንደ ገባ፣ ገመዱ ከምን እንደ ተገመደ፣ የትኛው ቋጠሮ ቀድሞ እንደሚጠብቅ፣ በየትኛው ወር የታጨደ ደንገል እንደሚሻል ጠይቁት። ምክንያቱን ባይነግራችሁም ሲያደርግ ያያችሁትን አትዝለሉ። የራ ገመድ የቀረው ማንም ስላልጠየቀ ነው።

የአይማራዎቹ አራት ስሞች በራ ሁለት ታሪክ ውስጥ ተጽፈዋል፤ ይገባቸዋልም። ደንገሉን ያጨዱት የጣና ሰዎች ስም ግን በዚያ ታሪክ ላይ ጎልቶ አይነሣም። ማኅበራችን ለሙዚየሙ ደብዳቤ እንዲጽፍና ከባሕር ዳር ነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች መጥተው ከዚህ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ውኃ ላይ አንድ ታንኳ አስረው እንዲያሳዩ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቢግዶይ ላይ የኖርዌይ የባሕር ሙዚየም የጀልባ መሥሪያ ቤት አለ፤ እዚያ ያሉት አናጢዎች ከኛ ታንኳ ሠሪዎች ጋር በቋንቋ ባይግባቡም በእጅ ይግባባሉ ብዬ አምናለሁ። ደብዳቤውን ለማርቀቅ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ከዝግጅቱ በኋላ እዚሁ ይቆይ፤ አሁን ጥያቄያችሁን ልቀበል።